ቀጭኔ ልለካ ከዲላ ናይሮቢ

ሰዓሊው ሙሉጌታ ቀጭኔ ለመለካት ኬንያ ድረስ ሄደ የሚል ወሬ ዲላ ውስጥ ከሰማችሁ፣ ወሬው ግማሹ እውነት ነው። ሄጃለሁ። የለካሁበትን መንገድ ግን ወሬኞች እንደልባቸው ስላበላሹት ራሴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ከእናንተ መካከል እዚያ ድረስ የሚሄድ ብዙ ሰው አይኖርም። እኔም ብሆን ሁለተኛ የምሄድ አይመስለኝም።

የምኖረው በብሩሽ ነው። የሱቅ ስም እጽፋለሁ፣ የአይሱዙ ጀርባ ላይ አንበሳ እስላለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን የምታወቀው በመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ነው። ከዲላና ከጪጩ ጀምሮ እስከ ኢዲዶና አሪቻ ድረስ ሰባት ቀጭኔዎች አሉኝ። ሁሉንም የቀዳሁት ከአንድ አሮጌ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ላይ የነበረው ፎቶ ከአንገት በላይ ብቻ ስለሆነ የቀረውን ከላም ወስጄ ሞላሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላለኝም። ኋላ ባነር የሚያትሙ ቤቶች መጡና ሥራዬን አንድ በአንድ ወሰዱት። ባነር ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ እኔ ደግሞ አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሳምንት እቆማለሁ።

በክረምቱ መሀል ቲቸር ጽጌ አስጠሩኝ። አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሴት ናቸው፤ በደብተሬ ጠርዝ ላይ በሬ እየሳልኩ ሲይዙኝ እጄን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዲላ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ከፍተዋል። በግቢያቸው ውስጥ ካለው ረጅም ግድግዳ ፊት አቁመውኝ፣ እዚህ ላይ የቀጭኔ ባነር ሊሰቅሉ እንዳሰቡ ነገሩኝ።

"ያንተ ቀጭኔ ከበሬ ትንሽ ረዘም የምትል ናት" አሉኝ። "የባነሩ ቢያንስ ፎቶ ነው፤ እውነተኛ ናት።"

"የባነሩ ቀጭኔ ከእርስዎ ታንሳለች" አልኳቸው። "ልጆቹ ቀጭኔ ማለት ይቺን የምታክል ናት ብለው ሊያድጉ ነው? እኔ በልኳ እስላታለሁ። ከሰኮናዋ እስከ ቀንዷ፣ አንዲት ጣት ሳልቀንስ።"

"ልኳን በምን አወቅኸው?"

"ሄጄ እለካታለሁ!"

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቲቸር ጽጌ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አንደኛ ክፍል እያለሁ እንደሚያዩኝ አዩኝ። "እንግዲያው ሂድና ለካ" አሉ። "መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግድግዳዬ ላይ በልኳ ካላየኋት፣ ባነሩን በገዛ እጅህ ትሰቅለዋለህ።"

"እሰቅለዋለሁ" አልኩ። ባነር በገዛ እጄ ከሰቀልኩ ደግሞ ብሩሼን አጥቤ ማስቀመጥ እንዳለብኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አገራችንም ውስጥ በቆላው በኩል ቀጭኔ አለ ይባላል። ግን ዱር ያለችውን ማን አቁሞ ያስለካኛል? ናይሮቢ ዳር ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበ ቀጭኔዎችን የሚያራቡበት ማዕከል እንዳለና ቀጭኔዎቹ ሰው እጅ ድረስ እየመጡ እንደሚበሉ ሰማሁ። ዓረብ አገር ልሄድ አውጥቼው ሳልሄድበት የቀረ ፓስፖርት ነበረኝ። ከእሱ ጋር አንድ የእንሰት ቃጫ ገመድ ያዝኩ። ትንሽ ሥዕል ወደ ትልቅ ግድግዳ ሳሳድግ የምለካው በገመድ ነው፤ በየክንዱ አንድ ቋጠሮ እቋጥርና ግድግዳው ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ለቀጭኔዋ ስል አዲስ ገመድ በክንዴ እየለካሁ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ቋጠርኩበት።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከዲላ ያቤሎ

እስከ ሞያሌ የወሰደኝ ከማል ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ዲላ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ አይሱዙ ይነዳል። ጀርባው ላይ ያለው አንበሳ የእኔ ሥራ ነው። አቮካዶ ጭኖ ሲወርድ ከጎኑ አስቀመጠኝና በጠዋት ካፊያ ውስጥ ተነሳን።

"ጋሼ ሙሌ፣ ስልክህ ላይ ቀጭኔ የለችም እንዴ?" አለኝ ገና ከከተማ ሳንወጣ።

"አለች። አውራ ጣቴን ታክላለች።"

"ቁመቷም ተጽፏል እኮ!"

"የተጻፈው የሁሉም ቀጭኔ ነው። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም። እኔ የአንዷን ነው የምፈልገው።"

ከማል ራሱን ነቅንቆ ነዳጅ ሰጠ። ወናጎንና ይርጋጨፌን አልፈን ሀገረ ማርያም ላይ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ በረታና የጭነቱ ሸራ በአንድ ጎኑ ተበጥሶ እንደ ክንፍ ይመታ ጀመር። ከማል መኪናውን አቁሞ በጭቃው ውስጥ ዞረና በመስኮቱ እጁን ዘረጋልኝ።

"ጋሼ፣ ገመዱን አቀብለኝ!"

"የትኛውን ገመድ?"

"ያንን ሻንጣህ ውስጥ ያለውን ነዋ! አቮካዶው ሊደፋ ነው!"

"አይሆንም። ቃጫ ከረጠበ ይሰበሰባል፤ ልኩ ይበላሻል።"

ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። እኔም ሰው ነኝና አፈርኩ፤ ግን ገመዱን አልሰጠሁም። ቀበቶዬን ፈትቼ ሰጠሁት። ሸራው በእኔ ቀበቶ ታስሮ ያቤሎ ገባ፤ እኔም በአንድ እጄ ሻንጣዬን፣ በሌላው ሱሪዬን ይዤ ከመኪና ወረድኩ። ጠዋት ቀበቶው ተቆርጦ ተገኘ።

ያደርንበት አልጋ ቤት ባለቤት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ሱሪዬን ይዤ ሲያዩኝ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ጓዳ ገብተው የመጋረጃ ማሰሪያ ይዘው መጡ፤ ጫፉ ላይ ዘርፍ ያለው ቀይ ማሰሪያ ነው። ልመልስልዎ ስላቸው "መጋረጃው ቢከፈትም ቢዘጋም ያው ነው፤ አንተ ግን መንገደኛ ነህ" አሉኝ። እስከ ናይሮቢ ደርሼ የተመለስኩት በዚያ ማሰሪያ ነው፤ ፓስፖርቴን የመረመረ ፖሊስ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ዘርፉን ነበር።

ሁለተኛው ቀን፦ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ

ጠዋት ሻይ በግመል ወተት ጠጣን። ጨው ጨው ይላል፤ አንዴ ከለመዱት ግን ሆድ ይይዛል። ከያቤሎ በኋላ ያለው አገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ያስደነግጣል። እኛ ጌዴኦ ውስጥ ሰማይ ለማየት ቅጠል መግለጥ ያስፈልጋል፤ ከላይ ጥላ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና አለ። እዚያ ግን ሰማይ እስከ መሬት ድረስ ይወርዳል። ከሰው የሚረዝም ቀይ ኩይሳ እዚህም እዚያም ቆሟል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከብቱ ነው፤ ገመድ የሚባል ነገር የለበትም። እኛ ዘንድ ላም ከተፈታች ጎረቤት ይጣላል፤ ወይ የሰው ቡና ትረግጣለች ወይ የሰው እንሰት ትበላለች። ስለዚህ በቤት ታስራ ቅጠል ተቆርጦ ይሰጣታል። ያልታሰረ ከብት ሳይ ልቤ ይሰጋል፤ ያን ቀን እስከ ሞያሌ ድረስ እንደሰጋሁ ሄድኩ።

"ማነው የሚጠብቃቸው?" አልኩት ከማልን።

"ባለቤቶቹ ናቸዋ!"

"የት አሉ?"

"አሉ፤ አንተን አያስፈልጉህም" ብሎ ሳቀብኝ። ገመዱን መከልከሌን ይቅር ብሎኛል ማለት ነው። ሞያሌ ላይ አልጋ ይዞልኝ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጩን አስተዋውቆኝ፣ የሳምንቱ ቅዳሜ እዚሁ እንደሚጠብቀኝ ነግሮኝ ተለያየን።

ሦስተኛው ቀን፦ ከሞያሌ ማርሳቢት

ድንበሩ ላይ ሻንጣዬ ተበረበረ። የእኛ ሰው ብሩሾቼን አይቶ ሥራዬን ገመተ፤ ገመዱን ሲያይ ግን ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀጭኔ ልለካበት ነው ስለው ጓደኛውን ጠርቶ አብረው ሳቁ። በወዲያኛው በኩል ያለው የኬንያ ፖሊስም ያንኑ ጠየቀኝ። ጌዴኦ ከጉጂ ጋር የሚዋሰን አገር ስለሆነ ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ እናገራለሁ፤ እዚያም ብዙ ሰው ኦሮምኛ ይናገራልና በኦሮምኛ መለስኩለት። እሱ አልሳቀም። "የምትሄድበት ቦታ ስትደርስ እንዲህ ብለህ አትናገር" አለኝ። ምክሩ አልገባኝም፤ ባለመጠየቄ በኋላ ተቆጨሁ።

አውቶቡሱ ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት በሚመስል ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ሄደ። አንድ ዛፍ ካየሁ በኋላ ሌላ እስካይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነቃሁ። ማርሳቢት ግን ጭጋግና ደን ያለበት ተራራ ነው፤ ስወርድ ቡሌ፣ እኛው ደጋ ላይ፣ የገባሁ መሰለኝ፤ ብርዱም ያው የቡሌ ብርድ ነው። ያደርኩበት ቤት ኡጋሊ አቀረቡልኝ። ቅቤና በርበሬ የረሱት ገንፎ በሉት። ከጎመን ጋር ግን ይሄዳል፤ ጨርሼ በላሁ።

አራተኛው ቀን፦ ከማርሳቢት ናይሮቢ

የዚህ ቀን ወሬ የመንገዱ ጉድ ነው። ከማርሳቢት ወርደን ግራር የበዛበት ቆላ እንደገባን ተሳፋሪው በአንድ ጊዜ "ሰተዋ! ሰተዋ!" ብሎ ጮኸ። በኦሮምኛ ቀጭኔ ማለት ነው። እኔ በዚያች ደቂቃ የወደቀ ብሩሼን ከወንበር ሥር ልፈልግ ጎንበስ ብዬ ነበር። ቀና ስል ጭንቅላቴ ከወንበሩ ጋር ተጋጨ፤ ከዚያ በግራ መስኮት አየሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያየው በቀኝ ነው። ዞሬ እስክደርስ የቀረችኝ የምትነቃነቅ የግራር ቅርንጫፍ ብቻ ናት። ሰባት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር መጥቼ ቅርንጫፍ አየሁ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ አዝኖልኝ ግማሽ ብርቱካኑን ሰጠኝ።

ናይሮቢ ማታ ገባን። ኬንያ ሞቃት ነው ብዬ ቀጭን ሸሚዝ ለብሼ ነበር፤ ለካ ናይሮቢ በነሐሴ ትበርዳለች። ኢስሊ በሚባለው ሰፈር የእኛ አገር ሰው ብዙ ነው፤ የሀገረ ማርያም ልጅ የሆኑት እትዬ አስናቀች አልጋና ምግብ ያቀርባሉ። ስንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ጋቢ አለበሱኝ። ስለ ገመዱ ስነግራቸው ግን ጭልፋቸውን ጣል አድርገው "ገመድ ይዘህ? አውሬ የሚጠበቅበት ቦታ? እንኳን አልታሰርክ!" አሉ። እኔም ሴትዮዋ ነገር ማክበድ ይወዳሉ ብዬ ተኛሁ።

አምስተኛው ቀን፦ ከበሩ ተመለስኩ

ማዕከሉ ከከተማው ዳር፣ ረጃጅም ዛፎች ያሉበት ጸጥ ያለ ሰፈር ውስጥ ነው። በሩ ላይ የተማሪዎች ሰልፍ ነበር፤ ከኋላቸው ቆምኩ። ጥበቃው ሻንጣዬን ከፍቶ ገመዱን ሲያወጣ ፊቱ ተለወጠ። በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ "ለቀጭኔ" አልኩት። ሌላ ጥበቃ መጣ። ሻንጣዬንም እኔንም ይዘው ቢሮ አስገቡኝ።

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሴት ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። ሰዓሊ መሆኔን ለማስረዳት ስልኬን አውጥቼ የሠራኋቸውን ቀጭኔዎች አሳየኋቸው። ይኸው ነው ጥፋቴ። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ ሦስተኛውን አፍጥጠው አዩ። ስልኩን ለጥበቃው አሳዩት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አፈጠጠበት። እኔ ሥዕሉ አስደንቋቸው ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ሴትዮዋ በጣታቸው ሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ነኩ፤ ያን ጊዜ እኔም አየሁት። ሰባቱም ቀጭኔዎቼ አንገታቸው ላይ ገመድ አለ፤ የገመዱ ጫፍ እንሰት ግንድ ላይ ታስሯል።

ለምን እንደሳልኩት አስቤበት አላውቅም። እንስሳ ስትስል ገመዱን ትስላለህ፤ እንደ ጅራትና እንደ ጆሮ የአካሏ ክፍል ነው። የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ገመዱን ወሰዱት። ነገ ከሰሜን የመጣና ኦሮምኛ የሚናገር ሠራተኛ እንደሚገባ፣ እሱ ሳያናግረኝ እንደማያስገቡኝ ነገሩኝና ከበሩ አስወጡኝ። ሕፃናቱ ውስጥ ሲስቁ ይሰማኛል። ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሜ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ሌባ መስዬ መታየቴ አንድ ነገር ነው። የባሰኝ ግን ቲቸር ጽጌ እውነታቸውን መሆኑ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስስል ቀጭኔ ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር። እመለስ ይሆን አልኩ። ከዚያ ባነሩን ስሰቅል ታየኝና ንዴቴ መጣ፤ ነገም እዚሁ በር ላይ እቆማለሁ አልኩ።

ስድስተኛው ቀን፦ የጉዮ ክንድ

በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ጉዮ የሚባለው ሠራተኛ የቦረና ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚናገረውን የሚመርጥ ሰው። እንዳገሩ ወግ የቤተሰቤንም የከብቴንም ደኅንነት ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ስልኬን ተቀብሎ ሥዕሎቹን አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

"ማን አሰራት?" አለኝ።

"እኔ" አልኩ።

ከዚያ ግን አስረዳሁት፤ እኛ አገር መሬት ጠባብ እንደሆነ፣ ከብት ታስሮ ቅጠል እንደሚቆረጥለት፣ ያልታሰረ እንስሳ አይቼ እንዳላደግኩ ሁሉንም ነገርኩት። ጉዮ ሲሰማኝ ቆይቶ የራሱን ነገረኝ።

"እኛ ዘንድ ሽቦ ነው" አለ። "አዳኞች ወጥመድ አድርገው ዛፍ መሀል ይተዉታል። ባደግኩበት አካባቢ አንዲቷን እግሯን ይዟት አገኘናት። ሥጋዋ ሽቦውን ውጦት ነበር። ፈታናት፤ እስካሁን ታነክሳለች። ስለዚህ ገመድ ስናይ አንስቅም።"

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። "እኔ ልኳን ብቻ ነው የፈለግኩት።"

"ታዲያ ና፣ መጀመሪያ ራሷን እያት።"

ሰው ቀጭኔዎቹን ፊት ለፊት እንዲያገኛቸው ተብሎ የተሠራ ከፍ ያለ የእንጨት ሰገነት አለ። ወጣን። እሷ ከዛፎቹ መሀል መጣች፤ መጣች፤ መምጣቷ አያልቅም። ጭንቅላቷ ሰገነቱ ላይ ሲደርስ እግሯ ገና ከታች መሬት ላይ ነው። ሽፋሽፍቷ የሙሽራ ነው። ጉዮ መኖ መዳፌ ላይ አደረገልኝ፤ ምላሷ ወጣ፤ ሐምራዊ የመሰለ ጥቁር፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር። እጄን ላሰችኝ። ያ እጅ ሃያ ዓመት ሲያስራት የኖረ እጅ ነው። ደስታም ኀፍረትም አንድ ላይ ያዘኝና አፍንጫዬን በእትዬ አስናቀች ጋቢ ጠረግኩ።

"እዚህ አጥር አለ" አልኩት ጉዮን። "ዱር ያሉትስ? እንዳይሄዱ ምን ይይዛቸዋል?"

"ምንም። ሰው በየጠዋቱ ወጥቶ አሉ ወይ ብሎ ያያል። ሥራው ይኸው ነው፤ አሉ ወይ ብሎ ማየት። የሚያይ ከጠፋ ነው የሚያልቁት።"

ልኩን የወሰድነው እንዲህ ነው። ገመድ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እሱ ቁርጥ ነው። ጎብኚም ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ እሷ ሰገነቱን ከያዘው ምሰሶ አጠገብ ቀጥ ብላ ስትቆም የቀንዷ ጫፍ የደረሰበትን ከላይ በጣቴ ያዝኩ። እሷ ስትሄድ ጉዮ መሰላል ይዞ ወረደና ምሰሶውን ከመሬት ጀምሮ በክንዱ እየለካ ወደ እኔ ጣት ወጣ። ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር።

"በቃ!" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ክንዱን አየሁት፤ የእኔን አየሁት። ጎን ለጎን ስናስቀምጠው የሱ ከእኔ በሦስት ጣት ይረዝማል። እኔ ዲላ ገብቼ በራሴ ክንድ ዘጠኝ ብለካ ቀጭኔዋን አንገቷን ልቆርጣት ነበር። ጉዮ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቢሮ ሄደን ገመዴን ተቀበለልኝ። ከቋጠሮዎቹ አልፎ ከተረፈው ጫፍ የጉዮን ክንድ፣ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ድረስ፣ ለክቼ ቆረጥኩ። ያንን ብቻ ያዝኩ። የቀረው አሥራ ሁለት ቋጠሮ ያለው ገመድ እዚያው ቀረ፤ ጉዮ ከእንሰት የተሠራ ነው ስለው እየጎተተ ሞከረውና የቢሮውን የአትክልት በር ማሰሪያ አደረገው። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ትናንት ባያስወጡኝ ኖሮ ጉዮን አላገኘውም ነበር።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አየሁ። ቀጭኔዋ ውሃ ልትጠጣ ፈለገች። የፊት እግሮቿን እንደ መሰላል ግራና ቀኝ ከፈተች፣ ትንሽ ከፈተች፣ ደግሞ ከፈተች፣ ከዚያ ያ ሁሉ አንገት ወደ መሬት ወረደ። ያን የመሰለ ነገር በቀን መቁጠሪያ ላይ አይቼ አላውቅም። ወረቀት አውጥቼ ቶሎ ቶሎ ሳልኳት።

መመለሻው

የመመለሻውን ሦስት ቀን አላስረዝመውም። እትዬ አስናቀች ጋቢውን አልቀበልም ብለው ተጣሉኝ፤ እኔ አሸነፍኩ። ከማል እንዳለው ቅዳሜ ሞያሌ ላይ ጠበቀኝ። ቁመቷን አሳየኝ ሲለኝ ክንድ የምታክለውን ቁራጭ ገመድ ከኪሴ አወጣሁ። "ይቺ ናት? ለዚች ነው አቮካዶዬን ልታስደፋ የነበረው?" ብሎ ያቤሎ እስክንገባ ሲስቅ ዋለ። የመጋረጃ ማሰሪያውን ለሴትዮዋ መለስኩና አዲስ ቀበቶ ገዛሁ።

ዲላ በቀጥታ አልገባሁም። ይርጋጨፌ ወርጄ በሞተር ኢዲዶ ሄድኩ። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ብሩሽና የግድግዳውን ቀለም ይዤ ስታየኝ ሥራ ያዘዘችኝ መስሏት ደነገጠች። ቀጭኔዋ አንገት ላይ ያለውን ገመድ፣ ከዚያ እስከ እንሰቱ ድረስ ያለውን፣ ቀብቼ አጠፋሁት። "ለምን?" አለችኝ። ልፈታት መጣሁ አልኳት። በማግስቱ አሪቻ፣ ከዚያ ጪጩ፣ ከዚያ የዲላዎቹን ፈታሁ። ሰባቱንም ሳልፈታ አዲስ ግድግዳ አልነካም ብዬ ነበር።

ቲቸር ጽጌ ጋ ስደርስ ባነሩ ታትሞ ቢሮ ውስጥ ተጠቅልሎ ቆሟል። ቁራጭ ገመዴን አውጥቼ የግድግዳውን ቁመት ለካሁ። ስድስት ክንድ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ስድስት። የእኔ ቀጭኔ ዘጠኝ ከስንዝር ናት።

"አልገባችም?" አሉ ከኋላዬ።

"አልገባችም።"

"ቃልህን ታውቃለህ" አሉ። እንደዚያ ሲሉ ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ባነሩን ለማምጣት ዞሩ። እኔ ግድግዳውን ሳየው በግራ ጫፉ ሥር የልጆቹ የውሃ ቧንቧ አለ።

"ቲቸር፣ ቆይ!" አልኩ። "ውሃ ጠምቷታል።"

ሁለት ሳምንት ቆምኩበት። እግሯን ከፍታ፣ አንገቷን አውርዳ፣ አፏን ቧንቧው ላይ አድርጋ ሳልኳት፤ እያንዳንዱ አካሏ በጉዮ ክንድ ተለክቶ፣ አንዲት ጣት ሳልቀንስ። አንገቷ ላይ ምንም የለም። ቲቸር ጽጌ የመጨረሻው ቀን መጥተው፣ ቁራጭ ገመዱን ከእጄ ወስደው፣ ከሰኮናዋ ጀምረው በእግሯ፣ በትከሻዋና በአንገቷ ላይ እያስኬዱ እስከ ቀንዷ ለኩ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ዘጠኝ ከስንዝር ቆጠሩ። ገመዱን መለሱልኝና ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ባነሩን ለዘበኛው ሰጡት፤ የጎጆውን ጣሪያ ሸፈነበት፤ ዝናብ አያስገባም አለኝ። ለባነር ክብር የሰጠሁት ያን ጊዜ ነው።

ትምህርት ከተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ቲቸር ጽጌ እንደገና አስጠሩኝ። ሄድኩ።

"ያቺ ቀጭኔህ ልጆቼን አስቸግራለች" አሉኝ ቆጣ ብለው።

"ምን አደረገች?"

"አልታሰረችም። በየቤታቸው ላሙም በጉም ታስሮ ነው የሚያውቁት። ትሄድብናለች ብለው ሰግተዋል። ጠዋት ከበር ሲገቡ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያወርዱ ወደ ቧንቧው ይሮጣሉ። መኖሯን ሳያዩ ሰልፍ አይሰለፉልኝም።"

"ገመድ ልጨምርባት እንዴ?"

"እጅህን በማስመሪያ እንዳልመታህ!" አሉ። ከዚያ ወዲያና ወዲህ አይተው፣ መምህራኑ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዛሬ ዝናብ ሲመታ አደረ አይደል? እኔም ልጆቹ ሳይመጡ ቀድሜ ሄጄ አየሁ።"

"እሺ?"

"አለች" አሉኝ።